ማርዴል ደጅ የቆመው ፒካፕ

(ነብራስካ ውስጥ አንዲት ትንሽ የገበሬ ከተማ። በየከተማው ቅርንጫፍ ያለው «ቀይ ማረሻ» ምግብ ቤት አውራ ጎዳናው ዳር ከተከፈተ ገና ወሩ ነው። ሁሉን አወቅ ቨርሊን ከጓደኛው ከዱዌይን ጋር ጥግ ይዟል። ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ በሜኑ ፊቱን ከልሏል።)

ዱዌይን፦ ኧረ ሜኑውን ለእኔም አሳየኝ! ከገባን ጀምሮ ፊትህ ላይ ነው።

ቨርሊን፦ ቀስ በል! ማርዴል እዚህ መምጣቴን ከሰማች አለቀልኝ።

ዱዌይን፦ ሰው ርቦት በላ ቢሏት ምን ቸገራት?

ቨርሊን፦ አንተ ደግሞ! ጠዋት ጠዋት እሷ ምግብ ቤት ቁጭ ብዬ ይህን ቤት ስረግም አልሰማህም? «ሺህ ከተማ፣ አንድ ዓይነት መረቅ! ሙያ የላቸው፣ ነፍስ የላቸው!» ለጤናዬ ነው የምለፈልፈው?

ዱዌይን፦ ታዲያ ለምንድን ነው?

ቨርሊን፦ ላገባት ነዋ፣ ድንጋይ ራስ! ከአጨዳው በኋላ እጠይቃታለሁ።

ዱዌይን፦ እና እዚህ ምን እንሠራለን?

ቨርሊን፦ (ትኩሱን ዳቦ በቅቤ እየለቀለቀ) ጠላትህን ማወቅ አለብህ።

ዱዌይን፦ ይሄ ሦስተኛ ዳቦህ ነው።

ቨርሊን፦ በደንብ ማወቅ አለብህ!

ዱዌይን፦ ግድግዳው ላይ የሰቀሉት ማረሻ ግን ያምራል።

ቨርሊን፦ አፈር ነክቶት አያውቅም። ይልቅ ስማኝ፤ እዚህ አገር ሰው የሚታወቀው በመኪናው ነው። ፒካፕህ የቆመበት አንተ አለህ። የእኔን የት አቆምኩት?

ዱዌይን፦ ማርዴል ደጅ። ከዚያ አጎንብሰህ እየሮጥክ መጥተህ እኔ መኪና ውስጥ ዘለህ ገባህ።

ቨርሊን፦ አየህ! ያየ ሁሉ «ቨርሊን ማርዴል ቤት እየበላ ነው» ይላል። ጭንቅላት ማለት ይሄ ነው!

ዱዌይን፦ ዛሬ እኮ ዝግ ነው።

ቨርሊን፦ ምኑ?

ዱዌይን፦ የማርዴል ቤት። ከዛሬ ጀምሮ ሰኞ ሰኞ ልታርፍ ነው። ቅዳሜ ስትናገር አንተ ይህን ቤት እየረገምክ ነበር።

(ቨርሊን የያዘውን ዳቦ ሳህኑ ላይ ይጥላል።)

ቨርሊን፦ ጉዴ ፈላ! አሁን ከተማው ምን ይለኛል?

ዱዌይን፦ «ቨርሊን በተዘጋ ቤት ደጅ እየጠና ነው።»

ቨርሊን፦ ተነስ፣ እንሂድ!

ዱዌይን፦ አልችልም፤ ማርዴልን ቀጥሬያለሁ።

ቨርሊን፦ ማንን?

ዱዌይን፦ ማርዴልን። በእረፍትሽ ምን አማረሽ አልኳት። «ዕድሜዬን ምድጃ ሥር ቆሜ ኖርኩ፤ አንድ ቀን ተቀምጬ ሌላ ሰው ሳህን ቢያቀርብልኝ። የቀይ ማረሻን ዳቦ ሲያወሩለት ምራቄን እውጣለሁ» አለችኝ። በይ እንሂድ አልኳት።

ቨርሊን፦ ለእኔ ለምን አልነገረችኝም?

ዱዌይን፦ መጀመሪያማ ይዛ ልትመጣ ያሰበችው አንተን ነበር። ስትረግመው ሰምታ ተወችው።

(በሩ ይከፈታል። ማርዴል የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ፣ ከንፈሯን ቀለም ተቀብታ ትገባለች። ቨርሊን መላ ሰውነቱን ከሜኑው ጀርባ ሊያስገባ ይታገላል። ዱዌይን ተነስቶ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ወንበር ይስብላታል።)

ማርዴል፦ ዱዌይን፣ ቨርሊንን አይተኸዋል? ፒካፑ ደጄ ቆሟል፤ እሱ የለም።

ዱዌይን፦ (ወደ ሜኑው እያየ) አታስቢ። ፒካፑ የቆመበት እሱ አለ። ዳቦ ይምጣልሽ?