ባሕር ውስጥ ያጨድኩት ሣር

ሰውን ከማያውቀው ሥራ ጋር በማጋባት ሥልጠናን የሚስተካከል ደላላ የለም! አትሳቁ… እኔን፣ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ቁጭ ብዬ ስለ ጓሳ ሣር ጥበቃ ሪፖርት የምጽፈውን ሰውዬ፣ ኬንያ ድረስ ወስዶ «የባሕር ሣር ትከል» ያለኝ ሥልጠና ነው። አለቃዬ ከግብዣው ላይ «ሣር» የሚለውን ሲያይ ስሜን ላከ። «ባሕር» የሚለው ላይ ሳይደርስ ሻይ ሰዓት ሆኖበት ይሆናል።

ባለቤቴ ግን ሐሳቧ ማድ ቤቱ ላይ ነበር። ክዳኑ አርጅቶ ያፈስሳል። የክዳን ሣር የምናጭድበት የጋራ ሜዳችን ጓሳ ደግሞ ለዓመታት ተዘግቶ ከርሞ ለአጨዳ ሊከፈት ነው።

«ዘንድሮ ካልከደንከው እኔ አባቴ ቤት ነው የምገባው!» አለችኝ።

«ምን ቸገረሽ፣ የሠለጠነ አጫጅ ሆኜ እመጣለሁ!»

ባሕሩ ዳር አሠልጣኙ በአስተርጓሚ አስረዳን። መልሕቅና መረብ የባሕሩን ሣር ጨርሶታል፤ ዓሣው የሚራባው እዚያ ሣር ውስጥ ስለሆነ አጥማጆቹም ባዶ መረብ መጎተት ሰልችቷቸዋል። ስለዚህ ከተረፈችው ሣር ቆንጥረን ወደተራቆተው ቦታ እናዛውራለን። ይህን ብሎ ጥላ ሥር ተቀመጠና ስልኩን መጎርጎር ጀመረ። እስከ ጉልበቴ ገብቼ ዞር ስል… ሠልጣኙ ሁሉ ሣሩን ከነሥሩ ይነቅላል!

ደሜ ፈላ። የመንዝ ሰው ሆይ፣ እስቲ ፍረደኝ፤ ሣር ይታጨዳል እንጂ ይነቀላል? ጓሳ ላይ ሥር የነካ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቆም የለም? «አረመኔ ሁላ!» አልኩ በሆዴ። ከጀልባ ላይ ቢላዋ ተዋስኩና አጨድኩ፤ በነዶ በነዶ አሰርኩ። ቡድኔንም ስለ አያቶቼ ሕግ እየሰበክሁ አሳጨድኩ። ከዚያ ነዶውን በተራቆተው ቦታ አሸዋው ላይ ሰካን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ሰርተፍኬት ተቀበልን።

በማግስቱ ማዕበሉ ነዷችንን ሁሉ ጠራርጎ ዳር ላይ ደፋው። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ አንዱን አንሥተው ገለባበጡት።

«ሥሩስ?» አሉ በአስተርጓሚው በኩል።

«እዚያው ነው አባቴ፤ ተመልሶ ይበቅላል።»

«እዚያማ ድሮም ነበረን! የቸገረን እዚህ ነው!»

ያቺ የቀረቻቸው ሜዳ ተላጭታ ስትታይ ማፈሬን አልደብቃችሁም። ቢሆንም አገሬ ስገባ የሚረዳኝ አላጣም ብዬ ተጽናናሁ። አማቼ ከጓሳ ጠባቂ ሽማግሌዎች አንዱ ናቸዋ!

«አንድም ሥር አልነካሁም፣ አባባ!» አልኳቸው ደረቴን ነፍቼ።

«የሄድኸው ልትተክል ነው ልታጭድ?»

«ልተክል…»

«ታዲያ ሥር የሌለው ምን ይተከላል? ጎመን እንኳ የሚዛወረው ከነሥሩ አይደለም እንዴ!»

«ሕጋችን ግን…»

«ሕጋችንን ይዘህ ሄደህ የሰው ሜዳ አራቆትህበት! በል የዘንድሮ አጨዳህን ባሕር ላይ ጨርሰሃል። ጓሳ ሲከፈት እንዳላይህ!»

ሲከፈት አገር ምድሩ ማጭዱን ይዞ ወጣ፤ እኔ ቤቴ ቀረሁ። ባለቤቴም እንደዛተችው አባቷ ቤት ገባች። አሁን ሽሮዬን የምሠራው ራሴ ነኝ። «የላቀ አስተዋጽኦ» የሚለውን በላስቲክ የተለበጠ ሰርተፍኬቴን ከምድጃው በላይ ባለው የክዳን ቀዳዳ ወትፌዋለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ… ከዚያ ሁሉ ሥልጠና ዝናብ የቻለው እሱ ብቻ ነው!