ምክንያቱ በጽሑፍ ይሁንልኝ

(የብረታ ብረት ወርክሾፕ አስተዳደር ቢሮ። ግድግዳው ላይ ኃላፊው በየወሩ የሚያወጣቸው መመሪያዎች ተደርድረዋል። አሥራ አንድ ዓመት የሠራችው በያጅ ለቡድን መሪነት ተወዳድራ የደረሳትን መልስ ይዛ ቆማለች። ኃላፊው በአምስት ደቂቃ ሊሸኛት አስቧል፤ እንዲህ ያለችውን ሴት ማስረዳት ለሱ እፍኝ ቆሎ እንደ መቆርጠም ቀላል ነው።)

ኃላፊው፦ ተቀመጪ አልኩሽ እኮ!

በያጇ፦ ቱታዬ ግራሶ ነው፤ ወንበሩን አበላሸዋለሁ።

ኃላፊው፦ ወንበሩ የመሥሪያ ቤቱ ነው!

በያጇ፦ ቱታውም የመሥሪያ ቤቱ ነው። አጣቢዋ ግን እኔ ነኝ፤ ወንበሩ ደግሞ አቧራ አለበት።

ኃላፊው፦ (በረጅሙ ተንፍሶ) በይ ቁሚ። መልሱ ደርሶሻል አይደል? ምን ቀረሽ?

በያጇ፦ ደርሶኛል፤ አልገባኝም እንጂ። «በአጠቃላይ ምዘና ተመራጭ ባለመሆንዎ» ይላል። ፈተናውን አንደኛ የወጣሁት እኔ አይደለሁ?

ኃላፊው፦ ፈተና ሌላ፣ ምዘና ሌላ።

በያጇ፦ የተመረጠውን ሰውዬ ብየዳ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ትናንት እንኳ ማስኩን ገልብጦ አጥልቆ ነበር።

ኃላፊው፦ ማስክና አመራርን ምን አገናኛቸው!

በያጇ፦ እኔ እንግዲህ አይገባኝም ጋሼ። ባሌ ደግሞ «ምን አጥፍተሽ ነው?» እያለ ቁም ስቅሌን አሳየኝ። እስኪ ፍርጥ አድርገው ይንገሩኝ።

ኃላፊው፦ (ፊቱ በርቶ፤ ማስረዳት ነፍሱ ነው) ስሚ እህቴ። አምና ወልደሽ አራት ወር ጠፋሽ። ነገ ብትደግሚስ? ቡድኑን ማን ሊመራው ነው፣ ሕፃኗ?

በያጇ፦ የተመረጠው ሰውዬስ እግሩ ተሰብሮ ስድስት ወር ተኝቶ የለም?

ኃላፊው፦ የሱ አደጋ ነው! ያንቺ ግን ታስቦበት ነው።

በያጇ፦ (ራሷን እየነቀነቀች) እሱስ ታስቦበታል። ሌላስ?

ኃላፊው፦ ሌላው ደግሞ፣ አሥራ አራት ወንድ በሴት አይታዘዝም።

በያጇ፦ ጠይቀዋቸዋል?

ኃላፊው፦ ይሄ ይጠየቃል እንዴ? የታወቀ ነው!

በያጇ፦ አሁን ገባኝ! ቤት እስክደርስ ግን ይጠፋኛል። ይጻፉልኝማ።

ኃላፊው፦ እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም።

በያጇ፦ ግድግዳው ላይ «ሠራተኛ ምክንያት በጽሑፍ ከጠየቀ ይሰጠው» የሚለው ተሰርዟል እንዴ?

ኃላፊው፦ ማን አባቱ ይሰርዘዋል! ራሴ ያወጣሁት መመሪያ ነው!

በያጇ፦ ከከበደዎት ግድ የለም፣ የመዝገብ ቤቷን ልጅ እጠይቃታለሁ። ደብዳቤ አሳምራ ትጽፋለች ይላሉ።

ኃላፊው፦ እሷ? ቀን እንኳ መጻፍ የማታውቀው? አምጪ ወረቀቱን! (እየጻፈ ያነባል) «አንደኛ፣ አምና በመውለድዎና ወደፊትም ሊወልዱ ስለሚችሉ፤ ሁለተኛ፣ ወንድ ሠራተኞች በሴት ስለማይታዘዙ…»

በያጇ፦ አንደኛ መውጣቴስ? ባሌ ወድቀሽ ነው ይለኛል።

ኃላፊው፦ ቆይ፣ እሱም ይግባ። «ምንም እንኳ በፈተና አንደኛ ቢወጡም።» ደብዳቤ ማለት ይሄ ነው! (ይፈርማል፤ ማህተሙን ድም ያደርግበታል)

በያጇ፦ እግዜር ይስጥልኝ። (ትቀበለዋለች)

ኃላፊው፦ ቆዪ፣ ቆዪ! ከእኔ ቢሮ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ያለ ግልባጭ አይወጣም። አንዱ ለግል ማህደርሽ፣ አንዱ ለሠራተኛ ማኅበር…

በያጇ፦ የማኅበሩን እንኳ ይተዉት፣ ወረቀት አያባክኑ።

ኃላፊው፦ እንዴት ይተዋል? ሊቀመንበሩ ቢጠይቀኝስ?

በያጇ፦ አትጠይቅዎትም፤ ዋናው እጇ ላይ ነው።

ኃላፊው፦ እጇ ላይ? የማን እጅ?

በያጇ፦ የኔ። ትናንት በምሳ ሰዓት ሊቀመንበር አድርገው መረጡኝ። አሥራ አራቱም እጃቸውን አወጡ፤ ያ ማስክ የገለበጠው ሰውዬማ ሁለቱንም እጁን ነው ያወጣው።

(ኃላፊው ቀስ ብሎ ከወንበሩ ይነሳል።)

ኃላፊው፦ እስኪ… እስኪ መልሺው እህቴ። አንድ ፊደል የገደፍኩ መሰለኝ።

በያጇ፦ (ወረቀቱን አጥፋ የቱታዋ ደረት ኪስ ውስጥ እየከተተች) ኧረ ግድ የለም ጋሼ፤ ዳኛው ፊደል አይቆጥርም።