የጉለሌው ሊቀ ድንጋይ

ያልጠየቁትን የሚመልስ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ዘርትሁን ግን ዕድሏ ሆኖ ከእንዲህ ያለው ሰው ጋር አጥር ተጋራች።

ጋሼ መዝገቡ ሃያ ዓመት የጂኦሎጂስቶችን መዶሻ ተሸክመው ዞረዋል፤ ሰፈሩም «ሊቀ ድንጋይ» ብሎ ሾሟቸዋል። የተቆፈረ ነገር ካዩ አያልፉም። «የታችኛው አፈር ይቀድማል፤ አፈሩን የቆረጠው ይከተላል!» እያሉ የትኛው ቀድሞ እንደመጣ ያስረዳሉ። አዲሱ ገበያ የውሃ ቧንቧ ሲቀበር ቦዩ ውስጥ ወርደው ሠራተኛውን ሁሉ ሥራ አስፈትተዋል። የወይዘሮ ወለተማርያም ቀብር ላይማ፣ በስመ አብ! አስከሬኑ ሳይወርድ መቃብሩ አፍ ላይ ተንበርክከው፣ «ይሄ ነጩ አፈር ከቀዩ በኋላ የመጣ ነው» አሉ። ዘርትሁን በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ከዚያ ወዲህ ሲመጡ ካየች በጓሮ ትሹለካለች።

በስልሳ ዘጠኝ መጋቢት የቤት ለቤት አሰሳ መጣ። አብዮት ጠባቂዎች የዘርትሁንን ጓሮ ቆፈሩ። ክንድ ያህል እንደወረዱ ከጉድጓዱ ግድግዳ የዛገ ሽጉጥ አፈሙዝ ብቅ አለ። ወይ ጉድ! ዘርትሁን የአዛዡ እግር ላይ ወደቀች። መሣሪያ የተገኘበት ሰው እንደማይመለስ ታውቃለች።

«የኔ አይደለም! እዚህ ቤት መስከረም ላይ ነው የገባሁት!»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው፤ ተነሺ!» አለ አዛዡ።

«ቆይ! ሽጉጡን እንዳትነኩት!»

ሊቀ ድንጋይ በአጥሩ ሽንቁር ሾልከው ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ። ክላሽ ሲደገንባቸው ዞረው እንኳ አላዩም።

«ይሄ ቀይ ገረጋንቲ ቀበሌው በስልሳ ስምንት የጽዳት ዘመቻ ግቢውን ያለበሰው ነው። ይኸው፣ ከሽጉጡ በላይ ሳይበጠስ አልፏል። እሷ ቀብራው ቢሆን ገረጋንቲው ይቆረጥ ነበር። የታችኛው ይቀድማል ልጄ!»

አዛዡ ጎንበስ ብሎ ቀዩን መስመር በጣቱ ተከተለው። እውነትም አልተበጠሰም። ዘርትሁን እፎይ አለች።

«እሺ፣ ገረጋንቲው ሳይፈስ በፊት እዚህ ቤት ማን ነበር?» አለ አዛዡ።

ዘርትሁን ክው አለች። ቀበሌው ቤት ሲያቀያይር ከዚህ ወጥተው ወደ ጎረቤት የተዛወሩት ማን እንደሆኑ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ጋሼ፣ በማርያም! ዛሬን እንኳ ዝም ይበሉ!»

ጋሼ መዝገቡ እጃቸውን አራገፉ። «ማን ይሆናል? እኔ ነኛ!» አሉ።

ያኔ ነው የገባት፤ አጥሩን ሲሾልኩም ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር። ጋሼ መዝገቡን የጫነው ላንድሮቨር ሲነሣ ዘርትሁን በባዶ እግሯ እስከ ዊንጌት ተከትላው ሮጠች፤ «አባቴን! አባቴን!» እያለች።