ተልባ የተቀባ ጎዝና የዶክተር ግራዲሚር ቅልጥም

ያለቀውን ነገር «አላለቀም» የሚል ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት ካለ አድራሻውን ስጡኝ፤ ነገ በጠዋት ማመልከቻዬን ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያው ግን እዚሁ ሌስኮቫትስ ከተማ፣ ከዶክተር ግራዲሚር ጋር አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ቁጭ ብዬ ወገቤን እያሸሁ ነው።

ክቡር ዶክተር ግራዲሚር፣ የጎዝ ሊቅ፣ የተልባ አለቃ፣ የትዕግሥቴ ፈታኝ! በዚህች ምድር ላይ እሳቸው ሊያሻሽሉት ያልሞከሩት ነገር ካለ፣ ስላላዩት ነው። ዳቦ ቤት ገብተው ቡሬክ ሲገዙ ጋጋሪውን «ሊጡን በዚህ በኩል ብታጥፈው እኮ» ይሉታል። ጎረቤታቸው የሞተ ጊዜ ሣጥኑን ከያዙት አንዱ ነበሩ፤ ከበሩ ሳይወጡ «ይሄ እጀታ ትንሽ ሰፋ ቢል እጅ አይቆርጥም ነበር» አሉ። የሟቹ ሚስት ሰምታለች።

የቤታችን ቅዱስ በዓል ቀንማ አይነሳ። በእኛ ዘንድ ለዚያ ቀን እንግዳ አይጠራም፤ ራሱ ነው የሚመጣው፣ የመጣን መመለስ ደግሞ ነውር ነው። እሳቸውም በየዓመቱ ከተፍ ይላሉ። ለቅዱሱ ከለውዝ ጋር የተዘጋጀውን ቅቅል ስንዴ በማንኪያ ቀመስ ያደርጉና ዐይናቸውን ጨፍነው ያጣጥማሉ።

«እማማ ፐርሲዳ፣ እጅዎ ይባረክ። ግን ገና ነው፤ ለውዙ ትንሽ ቢደቅ ኖሮ...»

«አንተ ልጅ» ትላቸዋለች እናቴ፣ «ቅዱሱ ራሱ ዝም ብሎ ይቀበላል! አንተ ደግሞ ማን ነህ?»

ሥራችን ሲወራ ቀላል ነው። ተራ የጥጥ ጎዝ ቁስል ላይ ሲደረግ፣ ከቁስሉ የሚወጣው ፈሳሽ ክሩ ውስጥ ገብቶ ይደርቃል። ሲላጥ ታዲያ ያቆጠቆጠውን ለጋ ቆዳ ይዞት ይነሳል። እኛ የተልባ ልጋግን ከፖም ልጣጭ ከሚወጣው፣ ማርማላታ ከሚያረጋው ነገር ጋር ቀላቅለን ክሩን እንቀባዋለን፤ ቁስሉ እንዳይደርቅ፣ ጎዙም ሳይጣበቅ እንዲነሳ። ይኸው ነው። እኔማ ካለቀ ቆይቷል ብዬ ነበር።

«ገና ነው፣ ዶብሪላ» አሉኝ። ወፈር አድርገን ቀባን፤ ጎዙ መምጠጥ እምቢ አለ። አቅጥነን ቀባን፤ ተጣበቀ። በቃ መሃሉን አገኘነው ስንል፣ ጀርም ከሚገድለው የእንፋሎት ማሽን ውስጥ እንደ ካርቶን ደርቆ ወጣ። እኔ ራሴን ይዤ ስቀመጥ፣ እሳቸው ካርቶኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው «አየሽ፣ እንዴት ደስ የሚል ጥያቄ ነው!» ይላሉ። ደስ የሚል! እኔ እንቅልፍ ነው የሚያምረኝ።

ቁስሉ የሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር። እናቴ ግን ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሎ አልድን ያለ ቁስል አላት፤ ከደም ሥር ነው ይላሉ። ክሊኒክ ሄዳ ጎዙ በተቀየረላት ቁጥር የሻሿን ጫፍ ነክሳ ነው የምትችለው። ከሥራ ስገባ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣

«ያ ጨርቃችሁ አለቀ?» ትለኛለች።

«ዶክተሩ ገና ነው ይላሉ።»

«እግሬስ ምን ይላል?»

መስከረም ሲጋመስ እናቴ ክሊኒክ አልሄድም አለች። «ይበስብስ! ልጅ ስወልድ ያልጮህኩትን እዚያ አልጋ ላይ ጮህኩ። ደግሜ ብሄድ ምን አለች በሉኝ።» ሐኪሟ ለብቻዬ ጠርቶ፣ ቁስሉ ሳይታጠብ ከሰነበተ እግሯ ሊቆረጥ እንደሚችል ነገረኝ። ደግነቱ በዚያው ሰሞን ጎዛችን በበሽተኞች ላይ እንዲሞከር ፈቃድ መጣ፤ ክሊኒኩም እናቴን ከተመረጡት ጋር አስገባት። የክሊኒኩ ደረጃ ላይ ተቀምጬ በደስታ አለቀስኩ።

ለክሊኒኩ የሚሄደው ጎዝ ተቀብቷል፤ የቀረው መድረቅና በእንፋሎቱ ማሽን ማለፍ ብቻ ነው። ክቡርነታቸው ግን «ማድረቂያ ምድጃው ያጣድፈዋል፣ ሽፋኑ ይሰነጠቃል፤ የእኔ በረንዳ ነፋስ ይሻላል» ብለው ጎዙን ጠቅልለው ቤታቸው ወሰዱት። ሰኞ ጠዋት ባዶ እጃቸውን መጡ።

«ጎዙስ?»

«ገና ነው።»

እዚህ ላይ የነበረችኝ ትዕግሥት ተሟጠጠች። «ምኑ ነው ገና? የእናቴ እግር እስኪቆረጥ ነው የምንጠብቀው? ፈቃዱ መጥቷል፣ ክሊኒኩ እየጠበቀ ነው፣ እርስዎ በረንዳ ላይ ነፋስ ያስመታሉ! ምን ጎደለው? ጨው?»

«በርበሬ በዝቶበት ነው» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

የቀለዱብኝ መስሎኝ ነበር። ግን እውነታቸውን ነው። በዚያ ወቅት በእኛ ሰፈር በርበሬ ያልተሰቀለበት በረንዳ የለም፤ በክር ተሰክቶ ከጣሪያ እስከ ወለል ይንዘረፈፋል። ባለቤታቸውም የሚያቃጥለውን ዓይነት እዚያው ገመድ ላይ፣ ጎዙ ጎን ሰቅለውት ኖሯል። ነፋሱ ሁለቱን ሲያፋትግ ሰንብቷል፤ እርጥብ ተልባ ደግሞ የነካውን አይለቅም።

«ቆይ፣ እንዴት አወቁ?» አልኩ። «በርበሬ ከነካው እንኳ በዐይን አይታይም እኮ።»

ጎንበስ ብለው የሱሪያቸውን እግር ሰበሰቡ። ቅልጥማቸው ላይ በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ ትኩስ ቁስል አለ፤ ዙሪያው ቀልቶ አብጧል። ከሱ በላይና በታች ደግሞ የዳኑ ጠባሳዎች፣ አንዱ ባንዱ ላይ።

«ይሄ ወፍራሙ ነው» አሉ በጣታቸው እየጠቆሙ። «ይሄ የተጣበቀው። ይሄኛው ካርቶኑ፤ እሱስ እውነቴን ነው አሞኝ ነበር።»

«ዶክተር፣ ያምዎታል እንዴ? እንዲህ ማድረግ ክልክል ነው እኮ!»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ለማንም እንዳትናገሪ። ሚስቴ ከብስክሌት እየወደቅኩ ነው የሚመስላት።»

ያዘጋጀሁትን ስድብ ሁሉ ትቼ ጓንቴን አጠለቅኩ። ያንን ጎዝ ጣልነውና አዲስ ቀባን፤ በምድጃው ለብ ባለ ሙቀት፣ በትዕግሥት አደረቅነው። የእንፋሎቱንም ማሽን አልፎ ለስላሳ እንደሆነ ወጣ። አሁን የጠፋችው በሽተኛዋ ናት፤ እናቴ አልሄድም እንዳለች ነው።

እሳቸው ቤታችን መጡ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አልለመኑም፣ አላስረዱም፤ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብለው ሱሪያቸውን ሰበሰቡ። እናቴ መነጽሯን ፈልጋ አደረገች።

«ማነው እንዲህ ያደረገህ?»

«ራሴ ነኝ፣ እማማ። ሁሉንም ሞክሬዋለሁ። የአሁኑ ግን አልያዘኝም።»

እናቴ ቅልጥማቸውን ብዙ አየችው። «ሞኝ ነህ» አለቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ኮቴን አምጪ» አለች።

በመጀመሪያው ቀን አሮጌው ጎዝ መነሳት ስለነበረበት ያው ስቃይ ነው፤ እሱን አናውራው። አዲሱን አድርገን ተመለስን። ሊቀየር በሄድን ጊዜ እናቴ አልጋው ላይ ወጥታ ሻሿን ነከሰች፣ ዐይኗን ጨፈነች፣ እጄን ጨመደደች። ነርሷ ዚቭካ ትንሽ ጎንበስ ብላ ቀና አለች።

እናቴ ከሻሹ ሥር ተቆጣች። «ምን ትጠብቂያለሽ? ጀምሪዋ!»

«እማማ፣ ጨርሻለሁ እኮ።»

እናቴ ዐይኗን ገለጠች። ሳህኑ ላይ ያለውን ጎዝ አየች፣ እግሯን አየች፣ ከዚያ እኔን። እጄን ለቀቀችው።

ክቡር ዶክተር ግራዲሚር መግባት ፈርተው ኮሪደሩ ላይ ቀርተዋል። ስወጣ ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ደፍነው አገኘኋቸው።

«ጮኹ?» አሉኝ።

«አልጮኸችም።»

«ትንሽም?»

«ምንም።»

ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። እኔም፣ ይህን ሰውዬ ከላቦራቶሪዬ ገላግሉኝ ብዬ አለቆቻችንን ስንት ጊዜ የለመንኩ እኔ፣ ያ ሁሉ በሽተኛ እያየኝ ጎንበስ ብዬ ግንባራቸውን ሳምኳቸው።