እትፍ የተከለከለበት ቀን

ተቆጣጣሪ ይመጣል ከተባለ እኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚታጠበው እጅ አይደለም፤ ግድግዳ ነው። ሶዶ ውስጥ የማስተዳድረው የአረጋውያን መኖሪያም ሰሞኑን ግድግዳው በደንብ ታጠበ። እኔም የሠርጌን ከረባት ፈልጌ አሰርኩ። ከረባትና ጀርም ምን አገናኛቸው? እንጃ፤ ባዶ አንገት መቀበል ግን ነውር መሰለኝ።

ጭንቀቴ ሌላ ነበር። ጉንፋን በርትቷልና፣ ጥንቃቄ የጎደለው ቤት ጠያቂ እንዳይገባበት ይደረጋል ተብለናል። የእኛ ቤት ጉድለት ደግሞ ስሙም ይታወቃል፤ አባባ ዳና። ዓይናቸው ደክሟል፤ ምርቃታቸው ግን ወይ ፍንክች! የገባውን ሁሉ ግንባሩን ይዘው እትፍ፣ እትፍ ይሉበታል፤ ሳሙና የሚያመጣልንን ነጋዴ ሳይቀር። ይህን ለተቆጣጣሪ ምን ብዬ ላስረዳ?

አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ለመንኳቸው። ዛሬ እትፍ ካሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ተበላ ከሚባለው ከተማ ቦዬ የተባለውን ሥራ ሥር ቀቅላ የምታመጣላቸው የልጅ ልጃቸው ከበር እንደምትመለስ ነገርኳቸው። ደነገጡ፤ ከእሷ ሌላ ጠያቂ የላቸውም። ተቆጣጣሪውን በምን እንደሚያውቁት ሲጠይቁኝ፣ መቼም ከረባት ሳያስር አይመጣም አልኳቸው። ማስካቸውን አጥልቀው እንደ ሙሽራ ተቀመጡ።

ተቆጣጣሪዋ መጣች፤ ለመውለድ የተቃረበች ነፍሰ ጡር። የእጅ መታጠቢያውን አየች፣ የቆሻሻ መጣያውን ከፈተች፣ አልጋ ከአልጋ ምን ያህል እንደሚራራቅ መረመረች። እኔ በማስኬና በከረባቴ ታፍኜ፣ ትንፍሽ ሳልል ከኋላዋ ተከተልኩ። አባባ ዳና ዘንድ ስትደርስ ግን ቆመች። ለካ የምርቃታቸው ዝና ከእኛ ግቢ ቀድሞ ወጥቷል! እንደምንም ጎንበስ ብላ፣ መውለጃዬ ደርሷልና ይመርቁኝ አለቻቸው።

አባባ ግራ ቀኝ ተመለከቱ። ከዚያ በአገጫቸው ወደ እኔ እየጠቆሙ አንሾካሾኩላት።

«ልጄ፣ ያ ከረባት ያሰረው ተቆጣጣሪ ነው። እሱ ይሂድና እመርቅሻለሁ።»

ዞራ አየችኝ። ምን ላድርግ? ተቆጣጣሪው ወጣሁላቸው። በሩን ገና ሳልዘጋው እትፍ፣ እትፍ ሲሉ ሰማሁ።

ትንሽ ቆይታ ወጣችና ኮስተር ብላ ውሳኔዋን አሳወቀችኝ። ጠያቂ አይከለከልም፤ ምርቃት ግን ለጤና አስጊ ስለሆነ ከዛሬ ጀምሮ በቃል ብቻ ይሁን አለች። ግንባሯ ገና አልደረቀም ነበር።