አክስትን ላለማስጠበቅ የተደረገ የጣት ዘመቻ ዜና

ንዌጥን ጽሒፈ ዜናሁ ለጌታችን ለአቀናባሪው፥ የትራክ ሁሉ አለቃ ለሆኑት፥ ግንባቸውን በእንቁላል ካርቶን ላሠሩት፥ ማይክራፎናቸውን የክረምት ካልሲ ላለበሱት። ዘመኑም ዘመነ ማውስ ሊያልፍ፥ ዘመነ አቋራጭ ቁልፍ ሊገባ የተቃረበበት፤ እኅታቸው በጸነሰች በስምንተኛው ወር፥ የማውሳቸው ገመድ በፕላስተር በተጠገነ በሁለተኛው ዓመት ነበረ። በዚያም ወራት ጌታችን በእናታቸው ቤት ጓሮ ባለችው ክፍል ነግሠው ይኖሩ ነበር፤ የግዛታቸውም ወሰን በምሥራቅ የልብስ ሰፊው ግድግዳ፥ በምዕራብ የልብስ ማስጫው ገመድ፥ በሰሜን የእናታቸው ወጥ ቤት ነበረ፤ ደቡቡን ማንም ጠይቆ አያውቅም።

የዘመቻው ምክንያት ይህ ነው። የጌታችን አክስት፥ ዘመድ ሁሉ እታለም የሚላቸው፥ የዚያን ቤት ልጆች በሙሉ፥ ጌታችንን ጭምር፥ በአንድ እሹሩሩ አስተኝተው ያሳደጉ ሴት ነበሩ። እሹሩሩውን ከእናታቸው ተቀብለው የያዙት እርሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሌላው ሰው ልማር ብሎ ሲቀመጥ ሁለተኛው ስንኝ ላይ እንቅልፍ ይወስደዋልና። ድምፃቸው ግን ከዓመት ዓመት እየሻከረ ሄደ። ይህንም አይታ እኅት ከሶፋው ላይ ሆና፥ ሆዷን እንደ ዙፋን መደገፊያ ይዛ፥ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «ልጄ ያለ እታለም እሹሩሩ አታድግም! ወንድሜ ያንን ሁሉ ሽቦ በከንቱ ካልገዛ፥ አክስታችን ድምፃቸው ሳይዘጋ ይቅዳልን!» ጌታችንም በቤተሰቡ ፊት ቃል ገቡ፤ የማውሱን ነገር ግን አላሰቡም።

እታለምም በቀጠሮው ቀን መጡ። የእርሳቸው ስሜት ወተት ነው፤ ሲገነፍል ካልደረሱበት ምድጃው ላይ ፈሶ ይቀራል። ጌታችን ማውሱን ይዘው ወደ ላይኛው ሜኑ ወጡ፥ ከዚያ ወደ ታችኛው ወረዱ፥ ከታችኛው ጎን ሌላ ሜኑ ተከፈተ፥ ወደዚያ ሲያልፉ የመጀመሪያው ተዘጋ፥ ቀስቷም ከስክሪኑ ጥግ ገብታ ጠፋች፥ እርስዋን ለመፈለግ ማውሱን ቢነቀንቁት ፕላስተሩ ተላቀቀ፤ እታለምም አፋቸውን ከፍተው ጠበቁ፥ አፋቸውን ዘግተው ጠበቁ፥ ተቀምጠው ጠበቁ። የቀረጻው ቀይ መብራት በበራ ጊዜ ስሜቱ ሄዷል። ስለዚህም ቦርሳቸውን አንሥተው ደጃፉ ላይ ቆሙና ይህን አዋጅ ነገሩ፦

«ያልሰማህ ስማ፥ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! እኔ የባንክ ቤት ወረፋ ልጠብቅ አይደለም የመጣሁት። ልጅ ሲያለቅስ ቆይ እስቲ ሜኑ ልክፈት ይባላል እንዴ? አንድ ቀን እመጣለሁ፥ አንድ ቀን ብቻ። ያን ቀን ቆይ የምትለኝ ከሆነ እሹሩሩዬን ይዤ መቃብሬ እገባለሁ፥ እወቀው!»

ይህ በተሰማ ጊዜ የጌታችን ፊት ጠቆረ፥ እራትም አልበላም አሉ፤ ኋላ ግን በሉ። በማግሥቱም የልብስ ሰፊውን ትልቅ መቀስ አስመጥተው፥ እናታቸውና ልብስ ሰፊው በቆሙበት፥ የማውሱን ገመድ ከአንገቱ ላይ ቆረጡ፤ እንዲህም ሲሉ አወጁ፦ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ክፍል ማውስ የሚነካ እጅ የኔ እጅ አይደለም! መግቢያውም መውጫውም በቁልፍ ነው!» ልብስ ሰፊው አጨበጨበ፤ እናታቸው ግን ገና የሚያገለግል ዕቃ ስለተበላሸ አዘኑ።

ወእምዝ ጌታችን ሠራዊታቸውን መደቡ። የግራ እጃቸውን ትንሽ ጣት በር ጠባቂ አድርገው በኮንትሮል ቁልፍ ላይ አሰፈሩ፤ ሌባ ጣትን ከክፉ ስሙ አላቅቀው ፊታውራሪ አሉት፥ ቀረጻ የምታስጀምረውን፥ አር የምትባለውንም ቁልፍ ጉልት ሰጡት፤ አውራ ጣትን ደጀን አድርገው፥ ሙዚቃ በሚያስኬደውና በሚያቆመው በረጅሙ ቁልፍ ላይ አስተኙት፤ ቀኝ እጃቸውንም በሙሉ ቀኝ አዝማች ብለው ከትራክ ትራክ በሚያዘልሉት ቀስቶች ላይ አሰለፉ። የቀለበት ጣት ብቻ ቀለበት ስላልገባለት ሥራ ፈት ሆኖ ቀረ፤ እናታቸውም ይህንን ነገር አጋጣሚ በተገኘ ቁጥር ያነሡት ነበር።

ከቁልፍ ሁሉ ግን ጌታችን ያከበሯት፥ ኮንትሮልን ከዜድ ጋር ሲጫኑ የምትመጣውን ነበረ። እርስዋ የጠፋውን የምትመልስ፥ የተሠራውን ስሕተት እንዳልተሠራ የምታደርግ፥ ሽማግሌ ሳይላክ የምታስታርቅ ናት። በልምምዱም ሰሞን ጌታችን ከበሮውን ሊያደምቁ ሲሉ ቤዙን ደመሰሱ፥ ቤዙን ሊመልሱ ሲሉ ሙሉውን ዜማ እንደ ሕፃን ድምፅ አቀጠኑት፤ ሁሉንም እርስዋ መለሰችላቸው። ከመልመዳቸውም የተነሣ አንድ ቀን ከገበታ ላይ ብርጭቆ ወድቆ ቢሰበር፥ ግራ እጃቸው ፈጥኖ ጠረጴዛውን ጫን ጫን አደረገ። ብርጭቆው እንደተሰበረ ቀረ፤ እናታቸውም ልጄን ምን ነካብኝ አሉ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ዋዜማ ግን ከጠላት ያልመጣው መከራ ከወዳጅ መጣ። እናታቸው እንግዳ ይገባል ብለው ክፍሉን ሊያጸዱ ገቡ፤ ኪቦርዱን ገልብጠው ቢያራግፉት የአንድ ሰው ቁርስ የሚያህል የዳቦ ፍርፋሪ ወረደ። በዚህም ደንግጠው ፊደሎቹን በማንኪያ እጀታ አንድ በአንድ ነቀሉ፥ በሳሙና አጠቡ፥ በትሪ ላይ እንደ ስጥ አሰጡ፥ ሲደርቁም ለዓይን እንዲያምሩ፥ ያልደበዘዙትን ከፊት፥ የደበዘዙትን ከኋላ አድርገው ተከሉ። ልጃቸው ሲያይ በድንገት ደስ ይለው ዘንድም ምንም ሳይናገሩ ኪቦርዱን በንጹሕ ፎጣ ሸፈኑት።

ወበይእቲ ዕለት፥ የቀጠሮው ቀን በነጋ ጊዜ፥ ሰልፉ ገባ፤ ከፊት እታለም ቦርሳቸውን አንግተው፥ ቀጥሎ እኅት ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ፥ ቀጥሎ እናት ወንበር ተሸክመው፥ በመጨረሻ ልብስ ሰፊው፥ የስፌት መኪናውን ጸጥ አሰኝቶ፥ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ። እታለም በቀጥታ ወደ ማይክራፎኑ ሄዱ፥ ማዳመጫውን አጠለቁ፥ ትንፋሽ ሳቡ። ጌታችንም ፎጣውን ገልጠው አርን ለማየት ቢያጎነብሱ፥ እነሆ አር ከርስቷ ተሰድዳ ከጥግ ቆማለች፥ በቦታዋም የማያውቁት ፊደል ታጥቦ ያበራል። ማውስ የለ፥ ገመዱ ተቆርጧል፤ ቆይ የምትለውም ቃል እስከ ከንፈራቸው መጣች። በዚያችው ቅጽበት እናታቸው ከወንበራቸው ሆነው በኩራት አወጁ፦ «ሁሉም ይወቅልኝ! ያንን ጉድ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ፊደሉም መላ ቅጡ ጠፍቶ ተበታትኖ ነበር፤ አሳምሬ ደርድሬለታለሁ!»

ጌታችንም በእናታቸው አልተቆጡም፥ ጊዜም አልነበራቸውምና። ቆይ ካሉ የእኅታቸው ልጅ እሹሩሩ እዚያው እንደሚቀበር አውቀው፥ ቃሏን ዋጧት፥ ዓይናቸውንም ጨፈኑ። ፊደሉ ተሰደደ እንጂ ከሥሩ ያለው ቁልፍ ከቦታው አልተነሣም፤ ጣት ደግሞ ማንበብ ባያውቅም የቤቱን መንገድ ያውቃል። ፊታውራሪው ዘለለ፥ በርስቱም ላይ ወደቀ፤ እታለም የመጀመሪያዋን ቃል ሳያወጡ ቀዩ መብራት በራ።

እታለምም አንጎራጎሩ። ድምፃቸው ሻካራ ነበረ፥ ይህን ጸሐፊው አይደብቅም፤ ነገር ግን ክፍሉን የሞላው ሻካራነቱ ነው። ልብስ ሰፊው በእንቁላል ካርቶኑ ግንብ ላይ ተደግፎ የመጀመሪያው ሙት ሆነ፤ ከእርሱ ቀጥሎ እናት ተማረኩ፥ ማንኮራፋትም ጀመሩ። እኅት ብቻ ሳትተኛ አለቀሰች፥ ጠዋቱን ሙሉ በሆዷ ስትራገጥባት የነበረችው ልጅ ጸጥ ብላለችና። ጌታችንም የገዛ ልጅነታቸው ጀርባቸውን መታ መታ እያደረጋቸው እስከ መጨረሻዋ ስንኝ ጸኑ፤ ደጀኑም ረጅሙን ቁልፍ ተጭኖ ቀረጻውን አቆመ። ሥራውን እንዳይጠፋ ወደ ግምጃ ቤት የምታስገባውን ቁልፍ ለመጫን ግን አልደረሱም። እንቅልፍ ጣላቸው፥ ግንባራቸውም በኪቦርዱ ላይ ዐረፈ፤ የጌታችን ግንባር ደግሞ ሰፊ ነው፥ ከሥሩ ከዋሉት ቁልፎች አንዱ ደምሳሹ ነበረ።

እታለምም ማዳመጫውን ሳያወልቁ አወጁ፦ «በል አሁኑኑ አሰማኝ! ታክሲው ደጅ ቆሟል፥ ቆይ የሚል ቃል እንዳልሰማ!»

ጌታችን ብንን ቢሉ ስክሪኑ ባዶ ሜዳ ነው። ልባቸው ቀጥ አለ፤ እጃቸው ግን አልቆመም። በር ጠባቂዋ ኮንትሮልን ያዘች፥ ጓዷ የመሐል ጣትም ዜድ የነበረችበትን ስፍራ በጨለማ መታች፤ የትራኩ ቀለም ተመለሰ። ደግማ መታች፤ የድምፁ መጠን ተመለሰ። ደግማ መታች፤ ግንባራቸው ያጣደፈው ፍጥነት ረገበ። አሁንም ደግማ ብትመታ የእታለም ድምፅ ከዳር እስከ ዳር በስክሪኑ ላይ ተዘረጋ፥ ወዲያውም ወደ ግምጃ ቤት ገባ፥ ደጀኑም ረጅሙን ቁልፍ ተጫነ፤ ይህ ሁሉ የሆነው እታለም ወደ ቦርሳቸው የዘረጉት እጅ ማንገቻውን ሳይነካ ነው።

እታለም ቆመው ሰሙ፥ ከዚያ ተቀምጠው ሰሙ፥ ታክሲውንም ረሱት። የገዛ ድምፃቸውን ከውጭ ሆነው ሰምተውት አያውቁም ነበር። በጨረሱም ጊዜ፥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ የመጨረሻውን አዋጅ ነገሩ፦ «እንዲህ ሆኖ ይታወቅ። እኔ አረጀ፥ ሻከረ ብዬ ስሸሸው የኖርኩት ድምፅ የእናቴ ድምፅ ነው። ቁርጥ እሷን። እስቲ ድገምልኝ።»

ልጅቱም በወርዋ ተወለደች፥ በዚያው እሹሩሩ ትተኛለች። በመጨረሻው ስንኝ ላይ የአያቷ ማንኮራፋት ይሰማል፤ ጌታችን የሚቆርጥ የሚለየውን ቁልፍ በጨለማ የሚያገኙ ሲሆኑ፥ ይህን ግን አልቆረጡም፥ ፊደሎቹንም እናታቸው እንደ ደረደሯቸው ተዉአቸው። ስለዚህ ኦ አንባቢ፥ ገመድ ቆርጠው መሸሻ ያላስቀሩትን፥ በግንባራቸው ያፈረሱትን በጣታቸው የገነቡትን፥ ፊደል ሲከዳቸው መንገድ ያልጠፋባቸውን አቀናባሪ አመስግን፤ ዝናቸው ከልብስ ማስጫው ገመድ እስከ ልብስ ሰፊው ግድግዳ ይሰማ። እታለም ዛሬም መጥተው ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ድገምልኝ ይላሉ፤ ቃሉ ከአፋቸው ወጥቶ ሳያልቅም የእናታቸው ድምፅ ክፍሉን ይሞላል። ከዚያች ቀን ወዲህ ጠብቀው አያውቁም።