አቶ ተጠንቀቅና የላላው ብረት

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ እግዜር አንድ አስጠንቃቂ ሳያስቀምጥ አያልፍም። አስጠንቃቂ አደጋው ሳይደርስ ያሰለቻል፤ ከደረሰ በኋላ ደግሞ «አላልኩም?» ብሎ ቁስሉን ይነካካል። ከሁለቱ የቱ እንደሚብስ ፈላስፎችም አልተስማሙበትም።

የአንድ ዕቃ ማከማቻ ዘበኛ የዚህ ነገድ አለቃ ነበሩ። ሠራተኛው ከጀርባቸው «ክቡር አቶ ተጠንቀቅ» ይላቸዋል። ሻይ ለሚጠጣ «ያቃጥላል»፣ ለሚስቅ «ትን እንዳይልህ»፣ ፀሐይ ላይ ለቆመ «ራስህን ያምሃል»፣ ጥላ ለገባ «ብርድ ይመታሃል»። ዕቃ የሚያደርሰው ሾፌር አንድ ቀን ቢቸግረው፣ «ጋሼ፣ ታዲያ የት ልቁም?» አላቸው።

ትንሽ አሰቡና፣ «የትም ቁም፤ ብቻ ተጠንቅቀህ ቁም» አሉት።

ከማከማቻው ደፍ ወደ መኪናው የሚያሻግር ሰፊ ብረት ነበር። አንድ ጫፉ ላልቷል። አቶ ተጠንቀቅ ቀይ ጨርቅ ያስሩበታል፤ በማግስቱ ጨርቁ የለም፤ ደግመው ያስራሉ። መጀመሪያ ያሮጌ መጋረጃ ቅዳጅ ነበር፤ በኋላ የገዛ ሹራባቸው እጅጌ ሆነ።

«ጋሼ፣ ሌላኛው እጅጌስ ለመቼ ነው?» ይላል ሾፌሩ።

«ሣቅ። ጥርስ ያለው ይስቃል።»

አንድ ጠዋት ሾፌሩ ሣጥን ተሸክሞ መጣ። ብረቱ ላይ ጨርቅ የለም። «እሰይ፣ ተጠገነ ማለት ነው» ብሎ ረገጠው። ብረቱ ከዳው፤ ጉልበቱም ከሣጥኑ ጋር አብሮ ተሰበረ።

ሆስፒታል ተኝቶ፣ ከሕመሙ ይልቅ «አላልኩም?»ን ፈራ። አቶ ተጠንቀቅ ብርቱካን ይዘው መጡ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ላጡለት። ሲሄዱ ብቻ በሩ ላይ ዞር ብለው፣ «በደንብ አልነገርኩህም፣ ልጄ» አሉት።

ከዚያን ቀን ወዲህ አፋቸው ተዘጋ። በማከማቻው ውስጥ ሻይ ያለ ከልካይ ምላስ ያቃጥል ጀመር።

ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የሾፌሩ ጠበቃ እውነቱን አልደበቀችውም፦ «መውደቅህን ማንም አይክድም። የማከማቻው ኃላፊ ብረቱ መላላቱን እያወቀ ዝም ማለቱን ካላስረዳን ግን ቸልተኝነት የሚባል ነገር የለም። ያንን እግር ይዘህ ባዶ እጅህን ቤትህ ትገባለህ።» ያላቸውም ምስክር አቶ ተጠንቀቅ ብቻ ናቸው።

የድርጅቱ ጠበቃ አቶ ተጠንቀቅን ሊጠይቅ ተነሣ።

«ስለ ሻይ አስጠንቅቀዋል?»

«አዎ።»

«ስለ ሣቅም?»

«አዎ።»

«ታዲያ በሣቅ ስንት ሰው ሞተ?»

«ማንም። ተናግሬ የለ እንዴ!»

ችሎቱ በሣቅ ፈረሰ። ሾፌሩ አንገቱን ደፋ።

ቀጥሎ የማከማቻው ኃላፊ ቀረበ። ሽማግሌውን ለማዋረድ ቸኩሏል።

«ክብርት ዳኛ፣ እኚህ ሰውዬ ጤና ነሥተውኛል! በየጠዋቱ ቢሮዬ እየገቡ፣ ብረቱ ላላ፣ ብረቱ ላላ! ደግሞ ግቢውን በቡትቶ ያስጠሉታል። ስንቴ በገዛ እጄ ፈትቼ ጣልኩት!»

ዳኛዋ ብዕራቸውን አነሡ። «ከየት ላይ ነው የፈቱት?»

«ከብረቱ ላይ ነዋ!»

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል። የሾፌሩ ጠበቃ ጥያቄዋን ለመጠየቅ ተነሥታ ነበር፤ ተመልሳ ተቀመጠች።

ለሾፌሩ በተፈረደለት ቀን ሁሉም ጨበጠው፤ አቶ ተጠንቀቅ ግን ከጎኑ ዝም እንዳሉ ወጡ። ደጁ ላይ ደረጃው ቁልቁል ይወርዳል፤ መካከሉ ላይ አንዱ ድንጋይ ተሰንጥቋል። ሾፌሩ እዚያ ሲደርስ ክራንቹን ከስንጥቁ በላይ አንሥቶ ቀጥ አለ። ቆየ። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ አልቻሉም።

«ኧረ ተጠንቀቅ! ድንጋዩ ተሰንጥቋል፣ አታይም እንዴ?»

«እሺ፣ ጋሼ» አለና ክንዳቸውን ያዘ። «እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር?»

ስንጥቁን ጠዋት ሲገባ አይቶት ነበር።